የክብር እንግዳ አልሆንም

ኅዳር 8፣ ሰኞ

“ያቀረቡትን የሞባይል መተግበሪያ ሥራ ሥልጠና ማመልከቻ ተመልክተነዋል። ሥልጠናው አዲስ ነገር በፍጥነት መቀበል ለሚችሉ ሰዎች የተዘጋጀ በመሆኑና ዕድሜዎም ከዚህ ጋር የሚጣጣም ሆኖ ስላልተገኘ፣ ቦታውን ለተተኪው ትውልድ እንዲለቁ እየጠየቅን፣ በመክፈቻው ዕለት በክብር እንግድነት ቢገኙልን ደስታችን መሆኑን እንገልጻለን።”

የሥልጠና ማዕከሉ ደብዳቤ ቃል በቃል ነው፣ ደብተሬ። አልጨመርሁም፣ አልቀነስሁም። ደብዳቤውን የት/ቤታችን ጸሐፊ ያመጣችልኝ በ3ኛው ክ/ጊዜ መሃል፣ 10ኛ ክፍል ሒሳብ እያስተማርሁ ነው። አነበብሁት። ኪሴ ከተትሁት። ወደ ሰሌዳው ዞሬ የመቀነስ ምልክት ረሳሁ። ተማሪዎቹ አዩ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እኔ ነበርሁ የነሱን የማየው።

ደብዳቤው ቁጥር የለውም። ቀን የለውም። ማኅተሙ ፊርማውን ስቶ ባዶ ቦታ ላይ አርፏል። ማስታወቂያው ደግሞ “ፍላጎት ያለው ማንኛውም ሰው” ነበር የሚለው። ገልብጬ ይዤዋለሁ። ስለ ዕድሜ አንድም ቃል የለበትም። ሃምሳ አራት ዓመቴ ነው። የሰው ጭንቅላት በስንት ዓመቱ እንደሚዘጋ ማዕከሉ ካወቀ ይንገረኝና እኔም ለተማሪዎቼ ወላጆች ልንገር።

ባለቤቴ ውድነሽ ስፌት መኪናዋ ላይ ሆና አነበበችው። “የክብር እንግዳ” የሚለው ጋ ስትደርስ ሳቋ አላስጨርስ አላት። የትኛውን ኮት ልተኩስልህ አለችኝ። አልሳቅሁም።

ውሳኔ። ብቻዬን እማራለሁ። የምሠራውንም አውቃለሁ፤ ያመለከትሁትም ለዚሁ ነው። ከከተማው በታች ከአባቴ የወረስሁት ማሳ አለ። በአንድ የመስኖ ቦይ የምንጠጣ ሃያ ቤት ነን። ውሃው በሰዓት፣ በተራ ነው። ተራውን በጭንቅላታቸው የያዙት የውሃ አባታችን አያ ቢተው ብቻ ናቸው፤ እሳቸው ሲታመሙ ሃያው ቤት ይጣላል። ያንን ተራ ስልክ እንዲይዘው አደርጋለሁ። በዚህ በጋ። ካልቻልሁ ከደብዳቤው ሥር “ትክክል ናችሁ” ብዬ ጽፌ፣ ፈርሜ፣ መልሼ እወስድላቸዋለሁ። ውድነሽ ምስክር ናት።


ኅዳር 10፣ ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት

ላፕቶፑ የልጄ አሮጌ ነው። ባሕር ዳር ሥራ ስትይዝ አዲስ ገዝታ ይህን ተወችልኝ። አንዱ ቁልፍ ተነቅሏል፤ በጥፍር ይነካል።

መሥሪያውን ፕሮግራም ከ9 ሰዓት ጀምሮ ሳወርድ ነበርሁ። በ10 ሰዓት ግማሽ። በ11 ሰዓት ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው መብራት ሄደ። ሲመለስ ከዜሮ ጀመረ። ከዜሮ! ግማሽ ሥራ የሠራ ተማሪ ግማሽ ማርክ ያገኛል። ይህ ምን ዓይነት ፈታኝ ነው?

ጮህሁ መሰለኝ። ውድነሽ ከጓዳ ብቅ ብላ ሌላ ደብዳቤ መጣ እንዴ አለች።


ኅዳር 13፣ ቅዳሜ

ሠራሁ! ደብተሬ፣ ሠራሁ!

ስልኬ ላይ አንድ ነጭ ገጽ። በመሃሉ አንድ አረንጓዴ ቁልፍ። ሲጫኑት ከላይ ያለው ቁጥር በአንድ ይጨምራል። ይኸው ነው። አራት ሰዓት ፈጀ። የቪዲዮው አስተማሪ በአሥር ደቂቃ ይጨርሰዋል፤ እሱ ግን ጥፍሩን ለቁልፍ አይጠቀምም።

ለውድነሽ ሰጠኋት። ተጫነች። ደግማ ተጫነች።

“ምን ይሠራል?”

“ይቆጥራል።”

“ምኑን?”

“ስንቴ እንደተጫንሽው።”

“እሱንማ እኔም አውቃለሁ” አለች። ግን ስልኩን አልመለሰችልኝም። መርፌ እስክታነሣ ድረስ መቶ ምናምን አደረሰችው። ጎረቤት ልታሳይ ይዛው ወጣች። ስልኬን ሳላገኘው ግማሽ ሰዓት አለፈ። አልተቆጣሁም። ለራሴም ገረመኝ።


ኅዳር 22፣ ሰኞ

ሁለት ቀን። ሁለት ሙሉ ቀን ስክሪኑ ቀይ። ሰባ አንደኛው መስመር ላይ ስህተት አለ ይለኛል። ሰባ አንደኛውን መስመር ሃምሳ ጊዜ አነበብሁ። ንጹሕ ነው። ሰደብሁት። ዛሬ ጠዋት ፊቴን እየታጠብሁ ታየኝ። አርባ ሦስተኛው ላይ የከፈትሁትን ቅንፍ አልዘጋሁትም።

ቅንፍ! እኔ! ቅንፍ ባለመዝጋት የስንቱን ልጅ ማርክ ቆርጫለሁ። ዛሬ ክፍል ገብቼ ነገርኋቸው። መጀመሪያ መሳቅ ይፈቀድ አይፈቀድ አላወቁም። ከዚያ ከኋላ አንዷ እጇን አውጥታ፣ ስንት ማርክ ተቆረጠብዎት አለችኝ። ሁለት አልሁ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ፈንክሽን የሚባለውን ክፍል ጀመርሁ። አንድ ነገር ታስገባለህ፣ አንድ ነገር ይወጣል። ይህን ለሠላሳ ዓመት በጠመኔ ሳስተምረው የኖርሁት ነው! እሱ ግን ሰሌዳ ላይ ዝም ብሎ ይቀመጥ ነበር። እዚህ ይንቀሳቀሳል። አብሬው ያደግሁትን ሰው በድንገት ሲጨፍር እንዳየሁት ያለ ደስታ ነው የተሰማኝ።


ታኅሣሥ 4፣ ቅዳሜ

ቦዩ ጋ ዋልሁ። ሃያውን ስም በተርታ ጽፌ፣ ለእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ሰዓት ሰጥቼ፣ ያለቀ መስሎኝ ነው የሄድሁት። ከጠዋቱ 12 እስከ ማታ 12 ስድስት ተራ ይወጣል። ሌሊት ውሃው በኩሬ ይጠራቀማል። ሃያው ሲያልቅ እንደገና ከአንድ ይጀምራል።

አያ ቢተው ስክሪኑን ራቅ አድርገው ይዘው፣ ሳነብላቸው ሰሙኝና፣ “ይህ የማን አገር ውሃ ነው?” አሉ።

የእኛ ነው አልሁ።

“የኛማ አይደለም። የኛ ውሃ ይመለሳል።”

ለካ ተራው አንድ ዙር ከቦዩ ራስ ወደ ግርጌ ወርዶ፣ ቀጣዩን ዙር ከግርጌ ወደ ራስ ይወጣል! እኔ አሥራ ዘጠነኛ ነኝ። ሃያኛዋ፣ የመጨረሻዋ ባለ ግርጌ፣ ወ/ሮ ጥሩዓለም ናት። በዚህ አካሄድ እሷ ሁለት ተራ በተከታታይ ልታገኝ ነው። ይህ ትክክል አይደለም አልሁ፤ ሒሳብ ነዋ። አያ ቢተው በትዕግሥት አዩኝ።

“መምህር፣ ከማሳህ እስከ እሷ ሩቅ ነው፤ ውሃው እሷ ጋ ሲደርስ ግማሹን መሬት ጠጥቶታል። ሁለቱ ተራዋ ያንተን አንዷን ያህላል።”

በየዓመቱ በዚህ ቦይ ስጠጣ ኖሬ ይህን ሳላስተውል። ሌላም አለ። ሐዘን የገባበት ቤት ተራው ይጠበቅለታል እንጂ አይዘለልም። የወለደች ሴት ያለችበት ቤት ጠዋት ካልሆነ አይሰጠውም፤ ወንዱ ከሰዓት በኋላ ለጓዳው ይፈለጋልና። ሁሉንም ጻፍሁ። እያንዳንዱ “ቢሆን” ነው፣ ደብተሬ። ኮዱ በ“ቢሆን” የተሞላ ነው፤ የአያ ቢተው ጭንቅላትም።

በእግሬ ተመለስሁ። መንገዱን ሁሉ ስሞቹን ወደ ታች፣ ወደ ላይ እየደገምሁ። አንድ ባጃጅ ቆሞ ጤና ነዎት አለኝ።


ታኅሣሥ 18፣ ቅዳሜ

ዳንግላ ደርሼ መጣሁ። እዚያ ስልክ የሚጠግንና የሚሸጥ ሰይድ የሚባል ሰው አለ፤ የልጄን ስልክ ሁለት ጊዜ ከሞት አስነሥቷል። በሚኒባሱ ሙሉ መንገድ ላፕቶፑን እንደ ሕፃን አቅፌ።

ሥራዬ የሌሎች ሰዎች ስልኮች ላይ መሥራቱን ልሞክር እፈልጋለሁ አልሁት። ሰይድ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ።

“ጋሼ፣ ሰው ስልኩን ያሠራል እንጂ ስልክ ውስጥ ያለውን ይሠራል እንዴ?”

“እኔ እሠራለሁ።”

“እስቲ ይሙቱ!”

ስድስት ስልክ ደረደረልኝ፤ ትልቅ፣ ትንሽ፣ ስክሪኑ የተሰነጠቀ። በስድስቱም ላይ ጫንሁት። አምስቱ ወዲያው ሠሩ። ስድስተኛው ላይ ጽሑፉ ከስክሪኑ ወጣ። እዚያው ባንኮኒው ጋ ተቀምጬ አረምሁት። ሰይድ ደንበኛ ሲመጣ፣ “ቆይ፣ ኢንጂነሩ ይጨርሱ” ይላል። ሦስተኛው ደንበኛ ሲመጣ ኢንጂነሩን እኔም አመንሁ።

የተራ መቀየሪያው ሰዓት ሲደርስ ስድስቱም በአንድ ላይ ደወሉ። የውሃ ድምፅ ነው ያደረግሁት፤ ከቦዩ ራሴ የቀዳሁት። ሱቁ ውስጥ ስድስት ቦይ ፈሰሰ። ሰይድ ከት ብሎ ሳቀ። ለሻይ ጋበዘኝ። መክፈል ብፈልግ ተቆጣኝ።


ጥር 3፣ እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሃያው ቤት ቦዩ ራስ ተሰበሰበ። መተግበሪያውን በአያ ቢተው ስልክ ላይ ጫንሁት። ስሞቹ ሲወርዱ፣ ሲመለሱ፣ ሲወጡ አሳየኋቸው። የራሱን ስም ስክሪን ላይ ያየ ሁሉ ፈገግ ይላል።

ንግግርም አደረግሁ። ከረቡዕ ጀምሮ ክርክር የለም አልሁ። በዛፍ ጥላ ሰዓት መለካት የለም። ውሃው የሚዞረው ስልኩ ሲደውል ብቻ ነው፤ ሳይደውል ማንም እጁን እንዳያስገባ። አያ ቢተው ደጋግመው ጠየቁኝ። ሳይደውል? ሳይደውል። ፀሐይዋን እያየሁም? እያዩም።

“እንግዲያው ካንተ ተራ ይጀምር” አሉ። ረቡዕ ጠዋት ከ12 እስከ 2 የእኔ ነው። ከ2 ጀምሮ የወ/ሮ ጥሩዓለም። ይሁን አልሁ። ደስ ብሎኝ።


ጥር 6፣ ረቡዕ

ጫማዬን ሳላወልቅ ነው የምጽፈው።

በ12 ሰዓት ቦዩን ራሴ ከፈትሁ። ማሳዬ ድንች ነው፤ ገና አብቦ። 1፡30 ላይ ወደ ት/ቤት ስሄድ አያ ቢተው ከነስልካቸው ሲመጡ መንገድ ላይ ተላለፍን። በ2 ሰዓት ስልኩ ይደውላል፣ ውሃውን ወደ ወ/ሮ ጥሩዓለም ያዞሩታል። በቃ።

5 ሰዓት ላይ ተደወለልኝ። በባጃጅ ወረድሁ። ውሃው አሁንም በእኔ ማሳ ነው! ድንቹ ይዋኛል። አያ ቢተው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ ስልኩ ጭናቸው ላይ። ወ/ሮ ጥሩዓለም አካፋዋን ተደግፋ ቆማለች። ሽንኩርቷ በፀሐይ ጠውልጓል። ከኋላዋ ሰባት ስምንት ሰው።

“አልደወለም” አሉ አያ ቢተው።

“ለምን አላዞሩትም ታዲያ?”

“ሳይደውል አልኸኝ። ፀሐይን እያየሁም አልኸኝ።”

ወ/ሮ ጥሩዓለም አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻል ነበር። “መምህር” አለች፣ “እኛ ስንሰርቅ በሌሊት ተደብቀን ነው። እርስዎ የሰው ውሃ በቀን፣ በስልክ ሲወስዱ ደግ ነው።” ሰዎቹ ሳቁ። የሚያስቅ ሳቅ አይደለም።

ሌባ! የሠላሳ ዓመት መምህር! የመጀመሪያው ቀን፣ በራሴ ተራ፣ ለራሴ ማሳ። ማን ስህተት ነው ብሎ ያምናል? እኔም ብሆን አላምን።

አያ ቢተው እዚያው ፈረዱ። የሰው ተራ የጠጣ ቀጣይ ሁለት ተራውን ይሰጣል። ሰጠሁ። ሱሪዬ እስከ ጉልበቴ ጭቃ ሆኖ የ7ኛውን ክ/ጊዜ አስተማርሁ።


ጥር 7፣ ሐሙስ

ኮዱን ከአንድ እስከ መጨረሻ አነበብሁ። ሁለት ጊዜ። ስህተት የለም። የእኔ ስልክ ላይ ልክ ይደውላል። የሰይድ ስድስት ስልኮች ላይ ልክ ደውሏል።

ደብዳቤውን ከመሳቢያ አወጣሁ። ብዕር አነሣሁ። “ትክክል” የሚለውን ጻፍሁ። ውድነሽ ከእጄ ቀማችኝ። ምስክር ነሽ አልኋት፣ በጋው አላለቀም አለች፤ ቃሌ እስከ በጋው መጨረሻ ነው። የራሴን ቃል ከእኔ ይበልጥ አጥብቃ ይዛለች። ወረቀቱን ሰፍታ ልትሰጥ ባዘጋጀችው ቀሚስ ኪስ ውስጥ ደበቀችው። ደንበኛዋ ሳትወስደው እንዲወጣ አስታውሻት፣ ደብተሬ።


ጥር 9፣ ቅዳሜ

ደብተሬ! ደብተሬ!

አያ ቢተው ለገበያ ወጥተው በቤት አለፉ። ቁጭ አሉ። ፈራሁ፤ መተግበሪያውን ከስልኬ አጥፋልኝ ሊሉኝ የመጡ መሰለኝ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

“ይህ የጫንህልኝ ነገር አይዋሽም” አሉ። “ይዘገያል እንጂ።”

“እንዴት?”

“ረቡዕ በ2 ያልደወለው በ8 ደወለ። ያኔ አንተ ሄደሃል። ሐሙስ በጥላዬ 4 ላይ ያዞርሁትን እሱ በ10 ደወለ። ትላንትም እንዲያው። ቀን አልሳተም፤ ልክ ነው፤ ግን ሁልጊዜ ከበላን በኋላ የሚመጣ እንግዳ ነው።”

ከ2 እስከ 8። ከ4 እስከ 10። ስድስት! ስድስት! ስልካቸውን ነጥቄ አየሁ። አናቱ ላይ ሰዓቱ 4፡20 ይላል። የእኔን አየሁ፤ 10፡20 ይላል። ሁለቱም አንድ ጠረጴዛ ላይ!

ሰዓታቸውን ራሳቸው አስተካክለውታል፣ በእጃቸው፣ ወደ እኛ አቆጣጠር። ምን ያድርጉ? ፀሐይ ወጥታ አንድ ሰዓት ሲሆን ስልኩ ሰባት ሲላቸው። “የሰው አገር ሰዓት ለምኔ ነው?” አሉ። እኔ ደግሞ ኮዱ ላይ ስልክ ሁሉ በሰው አገር ሰዓት ነው ብዬ ስድስት ቀንሻለሁ። እሳቸው አንድ ጊዜ ቀነሱ፣ እኔ ደግሜ ቀነስሁ። ስሌቴ ትክክል ነው፤ የተነሣሁበት ግን ውሸት ነው። ይህን ስህተት ተማሪ ቢሠራው ቀይ እስክሪብቶዬ ያልቅ ነበር። ስድስት ስልክ ሞክሬ የሚሠራበትን ሰባተኛውን ሳልሞክር!

ሳቅሁ። አያ ቢተው ምን እንደሚያስቅ ሳይገባቸው አብረውኝ ሳቁ። ውድነሽም መጣች፣ እሷም። ስልኳን አየሁት። የእሷም በእጅ የተስተካከለ ነው! ከእኔ ጋር በአንድ ቤት እየኖረች!


ጥር 15፣ ዓርብ

መፍትሔው ከመጠን ያለፈ ቀላል ነው፤ ስድስት ቀን የፈጀውም ለዚያ ይሆናል። ስልኩን አላምነውም። ባለቤቱን እጠይቃለሁ። መጀመሪያ ሲከፈት አንድ ጥያቄ ብቻ ይመጣል፤ “አሁን ስንት ሰዓት ነው?” ከሥሩ ፀሐይና ጨረቃ። ሰው ይነግረዋል። መተግበሪያው የራሱን ልዩነት ራሱ ያወጣል። ሦስት ይሁን፣ ስድስት ይሁን፣ ዜሮ ይሁን፣ አይገደኝም።

ወ/ሮ ጥሩዓለም ቤት ሄድሁ። በመጀመሪያ እንድቀመጥ አልጋበዘችኝም። ሁለቱን ስልክ ጎን ለጎን አድርጌ አስረዳኋት። አንዱን አንሥታ አየች፣ ሌላውን አንሥታ አየች።

“ይህን ሁሉ ዓመት ተምረው” አለች በመጨረሻ፣ “ሰዓት አያውቁም?”

አላውቅም አልኋት። ይኼኔ ወንበር አመጣችልኝ።


ጥር 23፣ ቅዳሜ

የፈረሰኞች በዓል ነው፤ ከተማው በፈረስ ተሞልቷል። ቆሰበር ዛሬ ለእግረኛ ቦታ የላትም። ሁሉም ያጌጠ፣ ፈረሱም ሰውየውም። ከየወረዳው የመጣው ሰው ሁሉ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል። እኔም የመጣሁት ለዚያ ነው፤ ለስልኩ። ከአንዱ ወደ አንዱ እየሄድሁ፣ ይቅርታ፣ ሰዓትዎን ያሳዩኝ።

ግማሹ የሰው አገር ሰዓት፣ ግማሹ የኛ። ሽማግሌ ከወጣት አይለይም። አንድ ፈረሰኛ ፈረሱ እየተሽከረከረ፣ በአንድ እጁ ልጓም፣ በአንድ እጁ ስልክ፣ “ያዙ፣ ይዩት!” ብሎ ወረወረልኝ። ያዝሁት! በሃምሳ አራት ዓመቴ! የእሱ ስልክ ሰዓት በሦስት የተዛባ ነው፤ ምክንያቱን እሱም አያውቅ። በፈቃዱ ጫንሁለት። ስንት ሰዓት ነው ብሎ ጠየቀው፣ ነገረው፣ ልክ ሆነ። ፈረሰኛው ምን ያደርግልኛል አለ። ውሃ ያጠጣሃል አልሁት። ፈረሱን? አለ።

እየሳቅሁ ቤት ገባሁ። ጫማዬ የማይነገር ነው።


የካቲት 4፣ ረቡዕ

ሥራ የለኝም፣ ፈቃድ ወስጃለሁ። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ጀምሮ ቦዩ ላይ ነን። አያ ቢተው በአንድ ዓይን ስልኩን፣ በአንድ ዓይን የዛፉን ጥላ። ሃያው ቤት ባይሞላም አሥራ አራት ሰው ቆጠርሁ። 2 ሰዓት የወ/ሮ ጥሩዓለም ነው። አካፋዋ ትከሻዋ ላይ።

ጥላው ምልክቱ ላይ ደረሰ። ስልኩ ዝም። ከዚያ የውሃው ድምፅ ከአያ ቢተው እጅ ፈሰሰ።

አያ ቢተው ወደ ጥላው አዩ፣ ወደ ስልኩ አዩ። “በጥቂት ይለያያሉ” አሉ።

“ስልኩ ነው ልክ” አልሁ። ማለት አልነበረብኝም፤ አመሌ ነው።

“እንግዲያው ዛፉን ላንቀሳቅሰው?” አሉ።

ወ/ሮ ጥሩዓለም እስኪያንገዳግዳት ሳቀች። ውሃውን አዞረች። ሽንኩርቷ ሥር ሲገባ አየሁ። ደብተሬ፣ የተመረቅሁ ቀን እንዲህ አልሆንሁም።


የካቲት 17፣ ማክሰኞ

ሁለት ነገር።

አንደኛ፣ መተግበሪያው ያለምንም ስህተት ሁለተኛ ሳምንቱን ጨረሰ። ሁሉም ስልኬ ላይ ጫንልኝ ይላል። ጫንሁ። ባለፈው ሳምንት ወ/ሮ ጥሩዓለም ተራዋን ከአንድ ሐዘን ከገባበት ቤት ጋር ተለዋወጠች፤ የእሷ ስልክ አወቀ፣ የሌሎቹ አላወቁም። ስልኮቹ እርስ በርስ መነጋገር አለባቸው። ይህን አልችልም። አንድ ሳምንት ሞከርሁ፣ ቪዲዮ አየሁ፣ አልገባኝም። ለራሴ መዋሸት አልወድም። የሚያስተምረኝ ሰው ያስፈልገኛል።

ሁለተኛ፣ ማዕከሉ ሁለተኛ ዙር ማስታወቂያ ለጥፏል። ርዕሱ፣ ስልኮች መረጃ የሚለዋወጡበት መተግበሪያ። የመግቢያ መስፈርቱ፣ አንድ የሚሠራ መተግበሪያ ያለው ሰው። ስለ ዕድሜ አይልም። ገባሁ። መዝጋቢዋ ለልጅዎ ነው አለችኝ። ለራሴ ነው አልኋት። ስሜን አየች፣ ወደ ውስጥ ገባች፣ ተመለሰች። ኃላፊው፣ መምህር በመዝጊያው ዕለት በክብር እንግድነት ይምጡልን ብለዋል አለችኝ። በቃል። በፈገግታ።


የካቲት 24፣ ማክሰኞ

ውድነሽ ኮቱን ተኩሳለች፤ ለማዕከሉ የጻፍሁትን ደብዳቤ ላደርስ ስሄድ ልለብሰው። ስድስት ቀን ስጽፍ፣ ስሰርዝ ሰነበትሁ። እሑድ ቦዩ ራስ ላይ አነበብሁት። ሃያው ቤት ልፈርም አለ። ወ/ሮ ጥሩዓለም፣ ዕድሜዬንም ጻፉበት አለች፤ ሁሉም ተከተለ። አያ ቢተው የዕድሜያቸውን ቁጥር ሁለት ጊዜ አስደመቁት። የመጨረሻውን ረቂቅ እዚህ እገለብጣለሁ።

“ጉዳዩ፦ የሁለተኛ ዙር ሥልጠና ቦታን ይመለከታል።

ኅዳር 8 በደረሰኝ፣ ቁጥርና ቀን በሌለው ደብዳቤያችሁ አዲስ ነገር በፍጥነት መቀበል እንደማልችል ገልጻችሁልኛል። በፍጥነት አልተቀበልሁም፤ ሦስት ወር ፈጅቶብኛል፤ በመካከሉም የሰው ተራ አስጠጥቻለሁ። ዛሬ ግን የሠራሁት መተግበሪያ ሃያ ቤት ያጠጣል። ከዚህ በላይ ያለውን አላውቅምና መማር እፈልጋለሁ። ስለዚህ፣ አንደኛ፣ ስለ ዕድሜዬ የተጻፈው ዓረፍተ ነገር በጽሑፍ እንዲሻር፤ ሁለተኛ፣ በማስታወቂያችሁ መስፈርት መሠረት በሁለተኛው ዙር በሠልጣኝነት እንድመዘገብ፤ ይህ የማይቻል ከሆነ የሚከለክለኝ ደንብ ተጠቅሶ እንዲገለጽልኝ እጠይቃለሁ። የሃያ የቦዩ ተጠቃሚዎች ስም፣ ዕድሜና ፊርማ ከዚህ ጋር ተያይዟል። በክብር እንግድነት አልገኝም። በቃል የሚሰጥ መልስም አልቀበልም። ቁጥር፣ ቀንና ፊርማው ላይ ያረፈ ማኅተም ያለው የጽሑፍ መልሳችሁን እስከ ዓርብ፣ መጋቢት 4 ቀን ድረስ እጠብቃለሁ።”